መልስ የሚሰጠው ማሽን

አንድ ቀን ጋሽ ማንያዘዋል ከገዛ ማሽናቸው ጋር ተጣሉ።

ጋሽ ማንያዘዋል በደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ትልቅ የእንጨት ሥራ ቤት ነበራቸው። በር በሉት፣ አልጋ በሉት፣ ቁም ሳጥን በሉት፣ ከእሳቸው ቤት የማይወጣ የለም። ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ሠራተኛ ሲታመም ራሳቸው ሐኪም ቤት ያደርሱታል፤ ሲያገባ በግ አስጎትተው ሠርጉ ላይ ይገኛሉ። አንድ ዓመል ብቻ ነበረባቸው፤ መልስ አይወዱም። ትእዛዝ ከአፋቸው ከወጣ አለቀ። «ጋሼ፣ እኔ እንኳ…» ብሎ የጀመረ ሰው ዐረፍተ ነገሩን ሲጨርስ ታይቶ አይታወቅም። «መልስ አትስጠኝ!» ይሉታል፤ እሱም የቀረችውን ዋጥ ያደርጋታል። አባታቸው ማንያዘዋል ብለው ስም ሲያወጡላቸው ምናልባት መጠየቃቸው ይሆናል፤ ልጅየው ግን «ማንም!» የሚለውን መልስ ይዘው አደጉ።

አንድ ጊዜ አናጢውን ደምስን ጠርተው አንድ ትልቅ ቁም ሳጥን ለአንዲት ደንበኛ እንዲያደርስ አዘዙት። ሴትዮዋ የምትኖረው ፎቅ ቤት ነው።

«ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አውጥታችሁ፣ ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ ትመጣላችሁ» አሉት።

«ጋሼ፣ የሴትዮዋ ቤት እኮ…»

«መልስ አትስጠኝ! አውጣው ብያለሁ!»

ደምስ ሦስት ሰው ይዞ ሄደ። ደረጃው ጠባብ፣ ቁም ሳጥኑ የጥድ፣ ክብደቱ የበሬ። ወገባቸው እስኪላቀቅ ተሸክመው ሦስተኛ ፎቅ አወጡት። አስቀመጡትና፣ ላባቸውን ጠረጉና፣ እንደገና ተሸክመው አወረዱት። ደምስ ሊላቸው የፈለገው፣ የሴትዮዋ ቤት ምድር ላይ ነው፣ ነበር።

እንግዲህ የእንጨት መቅረጫው ማሽን የገባው እዚህ ቤት ነው። በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ማሽን ነው፤ ሥዕሉን ወይም ጽሕፈቱን ኮምፒዩተሩ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ቢላው በእንጨቱ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ይቀርጸዋል። በከተማው እንዲህ ያለ ማሽን ሲገባ የመጀመሪያው ነበርና፣ ጋሽ ማንያዘዋል የመጀመሪያውን ሳምንት እንግዳ እየጠሩ ሲያስጎበኙ ከረሙ።

ማሽኑን የምታሠራው አትጠገብ የምትባል ሴት ናት። አትጠገብ ክር ፋብሪካ ውስጥ ስድስት ዓመት ጥገና ላይ የሠራች ቴክኒሻን ስትሆን፣ ሰውነቷ ቀጠን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። ማሽን ሲሠራ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ የታመመ ሰው ትንፋሽ እንደሚያዳምጥ ሐኪም ታዳምጣለች። ይህን ማሽን ካየችው ጊዜ ጀምሮ ወደደችው። ሌላ ሥራ ቢሰጧት እንኳ የምትለቀው አልነበረም።

ጠቡ የተነሣው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ማሽኑ አንድ በር ሲቀርጽ ድንገት ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀይ መብራት በራ። «ጢጥ! ጢጥ! ጢጥ!» እያለ ይጮህ ጀመር። ጋሽ ማንያዘዋል ከቢሮአቸው እየተንደረደሩ ወጡ።

«ምንድነው ይሄ ጩኸት?»

«ቢላው ጠንካራ ቦታ ላይ ያዘው፣ ጋሼ» አለች አትጠገብ። «ሞተሩ የታዘዘውን ያህል እንዳልሄደ እየተናገረ ነው።»

«ለማን ነው የሚናገረው?»

«ለእኛ።»

ጋሽ ማንያዘዋል ማሽኑን ከላይ እስከ ታች አዩት። «እስቲ አስረጂኝ» አሉ፤ ማሽን ስለሆነ እንጂ ሰው ቢሆን ይህን አይሉም ነበር።

አትጠገብ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለች። «ይሄ ስቴፐር ሞተር ነው የሚባለው። እንደ ሌላው ሞተር ዝም ብሎ አይሽከረከርም፤ በእርምጃ ነው የሚሄደው። ሁለት መቶ እርምጃ ሲራመድ አንድ ዙር ይሞላል። ኮምፒዩተሩ አንድ ሺህ እርምጃ ሂድ ይለዋል፣ እሱም ይራመዳል። ግን ቢላው ከባድ ነገር ከገጠመው ሊንገዳገድና እርምጃ ሊያጎድል ይችላል። ይችን ይመልከቷት» አለችና ከሞተሩ ጀርባ የተለጠፈች፣ የለስላሳ ቆርኪ የምታህል ክብ ነገር አሳየቻቸው። «ኢንኮደር ትባላለች። ሥራዋ መቁጠር ነው። ሞተሩ በእውነት ስንት እርምጃ እንደሄደ ቆጥራ፣ በዚህ ገመድ መልሳ ለኮምፒዩተሩ ትነግረዋለች። አንድ ሺህ ታዞ ዘጠኝ መቶ ብቻ ከሄደ፣ አልደረሰም ብላ ታስቆመዋለች። አሁን የጮኸችው ለዚያ ነው።»

ጋሽ ማንያዘዋል ነገሩ ቀስ ብሎ ገባቸው፤ ሲገባቸውም ፊታቸው ቀላ።

«ማለት፣ እኔ ሂድ ብዬው፣ እሱ አልሄድኩም ብሎ መልስ ይሰጠኛል?»

«መልስ መስጠቱ እኮ ነው ጥሩነቱ፣ ጋሼ።»

«ከሰው ያልሰማሁትን መልስ ከብረት ልስማ? ንቀይው!»

«ምኑን?»

«የሚናገርበትን ነዋ!»

«ጋሼ፣ እሱ ከተነቀለ እኮ…»

«መልስ አትስጪኝ!»

አትጠገብ ከኢንኮደሮቹ የሚመጡትን ገመዶች ነቀለች። መቆጣጠሪያ ሳጥኑንም ያለ እነሱ እንዲሠራ አስተካከለችው። ማሽኑ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የታዘዘውን ሁሉ እሺ የሚል፣ ምንም የማይናገር ማሽን ሆነ። ጋሽ ማንያዘዋልም «ይኸው! ማሽን ማለት እንዲህ ነው» ብለው ወደ ቢሮአቸው ተመለሱ።

ብዙም አልቆየ፤ ለአንድ ሙሽራ አልጋ ራስጌው ላይ ጣዎስ ተቀረጸ። ጣዎሷ ክንፏን ዘርግታ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትቆም ቆንጆ ወፍ ነበረች፤ ኮምፒዩተሩ ላይ። እንጨቱ ላይ ግን መሐል ላይ ሞተሩ እርምጃ ስላጎደለ፣ አንገቷ ከጭራዋ በቀለ። ጋሽ ማንያዘዋል ለሙሽራው «ይሄ የዘመኑ ነው» አሉትና ወሰደው። አትጠገብን ግን ቢሮ ጠሯት።

«ቁጥር አሳስተሽ ነው ያስገባሽው።»

«ቁጥሩማ ልክ ነው፣ ጋሼ። ሞተሩ ግን…»

«መልስ አትስጪኝ! ከአንቺ በፊት እዚህ ቤት ይሠራ የነበረውን ልጅ ለምን እንዳሰናበትኩት ታውቂያለሽ? በመልሱ ነው። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ አንቺም መንገዱን ታውቂዋለሽ።»

አትጠገብ አንገቷን ደፍታ ወጣች። የዚያን ቀን ምሳዋን አልበላችም። ቁጭ ብላ ማሽኑን አየችው። እሱም እንደ እሷ አፉን ተይዟል።

የእድሩ ሥራ የመጣው ይህ በሆነ በወሩ ነው። የወንድማማች እድር ግቢ ውስጥ ሰማንያ ዓመት የቆመ ዋንዛ ነበር። እድርተኛው ጥላው ሥር እየተሰበሰበ ስንቱን ቀብሯል፣ ስንቱን አስታርቋል። ያን ዋንዛ የክረምት ነፋስ ጣለው። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መከሩና፣ ዛፉ ተሰንጥቆ ሳንቃ ይውጣለት፣ የአሥራ አራቱ መሥራቾች ስም ይቀረጽበት፣ በአዲሱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ይሰቀል አሉ። ግንዱ ውስጡ ተበልቶ ስለነበር ሁለት ሳንቃ ብቻ ወጣው። አንዱ ጥሩ ነው። ሌላው ከጫፉ ተሰንጥቋል፤ መሐሉም ላይ ቅርንጫፍ የነበረበት ቦታ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ትልቅ ጉጥ አለበት።

ሁለቱንም ሳንቃ በጋሪ አስጭነው የመጡት የእድሩ ሊቀ መንበር ዳኛ አያናው ናቸው። ዳኛ አያናው ጡረታ ከወጡ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከተማው ግን ዛሬም «ክቡር ዳኛ» እንጂ ሌላ አይላቸውም። ረጋ ያሉ፣ ሰው ሲናገር እስኪጨርስ የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ» አሏት አትጠገብን፣ ጥሩውን ሳንቃ በመዳፋቸው እየዳሰሱ፤ «ይሄ ዛፍ አንድ ነው፤ ሌላ የለንም። ያኛው የተሰነጠቀው ለምንም አይሆንም፤ ለሙከራም ቢሆን ለማገዶም ቢሆን እንዳሻችሁ። ይሄን ግን አደራ።»

የስሞቹንም ዝርዝር ሰጧት። አምስተኛው ባላምባራስ ይግዛው፣ ስድስተኛው አቶ ቢሻው ናቸው። ዳኛው በእነዚህ ሁለት ስሞች መካከል ጣታቸውን አሳረፉ።

«እዚህ ጋ መስመሩን ትንሽ ሰፋ ብታደርጊው ደግ ነው። ጎረቤታሞች ነበሩ። በአንድ ቦይ ውኃ ተጣልተው አሥራ አንድ ዓመት እኔ ችሎት ተመላለሱ። ሳይታረቁ ነው የሞቱት።»

ዘጠነኛው ስም አቶ ሞላ ይላል። አቶ ሞላ የጋሽ ማንያዘዋል አባት ናቸው። ጋሽ ማንያዘዋል ያን ስም ሲያዩ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። «ይሄን ሥራ እኔ ራሴ ቆሜ ነው የማሠራው» አሉ። አትጠገብ ግን ሰውየው ቆመው ባያሠሩ ይሻላል ብላ አሰበች።

ምረቃው እሑድ ነው ተባለ። ሥራው ለሐሙስ ጠዋት ተቀጠረ።

ሐሙስ ዕለት አትጠገብ ከሁሉ ቀድማ ገባች። ሐሳቧ ቀላል ነበር። መጀመሪያ የተሰነጠቀውን ሳንቃ ማሽኑ ላይ አጋድማ ትሞክርበታለች፤ ቢላው ጉጥ ሲገጥመው ሞተሩ የሚሆነውን ታያለች፤ ከዚያ ለዋናው ልኩን ታውቃለች። ደምስን ጠራችና አብረው የተሰነጠቀውን ተሸክመው አሰሩት። ዋናውን ጥግ አስደግፈው ሸራ አለበሱት። ፍጥነቱን ዝቅ አድርጋ ልትጀምር ስትል፣ ጋሽ ማንያዘዋል ዳኛ አያናውንና ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ገቡ። ክራቫት አስረዋል።

«ደርሰናል! በሉ ይጀመር!»

አትጠገብ ወደ እሳቸው ዞረች። «ጋሼ፣ ይሄ ሳንቃ እኮ…»

«ጀምሪ አልኩሽ!»

«ልጀምር ነው። ግን ይሄኛው…»

«እንግዳ ፊት መልስ አትስጪኝ!»

አትጠገብ ደምስን አየችው። ደምስ ጣሪያውን አየ። ቁልፉን ተጫነች፤ ማሽኑ ቀስ እያለ መቅረጽ ጀመረ። የመጀመሪያው ስም ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። ጋሽ ማንያዘዋል እግራቸውን እያወዛወዙ ቆዩና፣

«ምነው እንደ ኤሊ ተንፏቀቀ? እንግዳ እኮ ቆሟል። ፍጥነቱን ጨምሪው!»

«ጋሼ፣ መሐሉ ላይ ጉጥ አለበት። ዋናው ላይ ሳንደርስ ይሄኛው…»

«ጨምሪ!»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ ዘንድሮም አምናም፤ ግን ለማን ይነገራል? አትጠገብ በልቧ «ሳንቃው እንደሆነ የተሰነጠቀው ነው፤ ይሁን» አለችና ፍጥነቱን እስከ መጨረሻው ለቀቀችው። እጇ ግን ሳታስበው ጥግ ወደተደገፈው ሸራ ጠቆም አደረገች። ጋሽ ማንያዘዋል አላዩም። ዳኛ አያናው ዓይናቸው ከእጇ ጋር ሄዶ፣ ሸራው ላይ ቆይቶ፣ ተመለሰ። 

ማሽኑ አሁን ሮጠ። ፍቅፋቂው እንደ ጤፍ ገለባ ይበናል። ሦስተኛ ስም፣ አራተኛ ስም። አምስተኛው ባላምባራስ ይግዛው ሊያልቅ ሲል፣ ቢላው ከጉጡ ጋር ተገናኘ። «ግርርርርር!» አለ ማሽኑ። ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። አትጠገብ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችው፤ እርምጃ ሲጎድል ድምፁን ታውቀዋለች። ወዲያው ደግሞ ጸጥ ብሎ እንደ ቀድሞው ሥራውን ቀጠለ። የሚጮህ የለ፣ የሚበራ የለ።

«አያችሁ?» አሉ ጋሽ ማንያዘዋል፣ ስክሪኑን ለሽማግሌዎቹ እያሳዩ። ስክሪኑ ላይ ስሞቹ በየመስመራቸው ተደርድረው ይወጣሉ። «ትንሽ አጉረመረመ፤ ማን ሰማው? ሲገባ እኮ እያንዳንዱን ነገር ይነግረን ነበር፤ ይሄን አልቻልኩም፣ እዚያ አልደረስኩም እያለ። አስነቀልኩት። የታዘዘ ይሂድ፣ በቃ! ወሬ አያስፈልግም።»

«መድረሱን በምን ታውቃለህ?» አሉ ዳኛ አያናው በቀስታ።

«እንዴ! ሂድ ብዬዋለሁ እኮ!»

አሥራ አራተኛው ስም አለቀ። ስክሪኑ «ተጠናቋል» አለ። ጋሽ ማንያዘዋል አጨበጨቡ፤ ሽማግሌዎቹም አብረው አጨበጨቡ። አትጠገብ የአየር ቱቦውን አነሣችና ፍቅፋቂውን ከሳንቃው ላይ እፍ እያደረገች አጸዳች።

ከላይ ያሉት አራት ስሞች እንደ ማተሚያ ቤት ጽሕፈት ያማሩ ናቸው። አምስተኛው መስመር ላይ ግን ሞተሩ ጉጡ ላይ ተንገዳግዶ ወደ ቀጣዩ መስመር ስላልወረደ፣ አቶ ቢሻው ከባላምባራስ ይግዛው ላይ ተቀርጸዋል። የአንዱ «ይ» ከሌላው «ቢ» ጋር እግር ለእግር ተጠላልፏል፤ «ሻ» የምትለዋ ደግሞ በ«ግ» አንገት ላይ ተጠምጥማለች። ከእነሱ በታች ያለው ሁሉ አንድ አንድ መስመር ሽቅብ ተጠግቶ፣ ከታች አንድ መስመር ባዶውን ቀርቷል።

 ዳኛ አያናው መነጽራቸውን አወጡ፣ ጠረጉት፣ አደረጉት፣ ጎንበስ ብለው አነበቡ።

«እነዚህ ባላምባራስና አቶ ቢሻው ናቸው?»

«ናቸው፣ ክቡር ዳኛ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«አሥራ አንድ ዓመት ችሎት አስቀርቤ ያላስታረቅኋቸውን፣ ይሄ ማሽን በአንድ ጠዋት አስተቃቀፋቸው።»

ሽማግሌዎቹ አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ። ጋሽ ማንያዘዋል ግን አልሳቁም። ፊታቸው አመድ መሰለ። ተንገዳግደው ሄዱና የፍቅፋቂ ከረጢት ላይ ዘጭ አሉ።

«ሰማንያ ዓመት የቆመ ዛፍ…» አሉ። «የአባቴ ስም ያለበት…»  ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ቆዩ። አትጠገብም አንድ እርምጃ ወደ እሳቸው ጠጋ ብላ አፏን ልትከፍት ስትል፣ ቀና አሉ።

«ስክሪኑ ላይ ልክ ነው! ሁላችሁም አይታችኋል! ኮምፒዩተሩ ልክ ከሆነ፣ ጥፋተኛው ማነው? አንቺ ነሽ!»

«ጋሼ…»

«መልስ…»

«ቆይ!» አሉ ዳኛ አያናው። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ግን ሠላሳ ዓመት ችሎት ያስከበረ ድምፅ ነውና ጋሽ ማንያዘዋል ቃላቸውን አፋቸው ውስጥ አስቀሩት። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። ተከሳሽ ሳይናገር ፍርድ የለም። ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ዐረፍተ ነገር ስትጀምሪ ሰምቻለሁ፤ ስትጨርሺው ግን አልሰማሁም። እስቲ ጨርሺው።»

አትጠገብ ሳንቃው ላይ እጇን አሳረፈች።

«ይሄ ሳንቃ እኮ» አለች፣ «የተሰነጠቀው ነው። ለሙከራ ነው ያጋደምኩት። ዋናው ያውና ሸራው ሥር፤ ማንም አልነካውም።»

ጋሽ ማንያዘዋል ከከረጢቱ ላይ እንዴት እንደተነሡ አላወቁም። ሮጠው ሸራውን ገለጡ። ሳንቃው ቀይ ቡኒ ሆኖ፣ ንጹሕ እንደሆነ ቆሟል። በሁለት እጃቸው ዳሰሱት፤ ግንባራቸውንም አስደገፉበት። «ተመስገን» አሉ። «ተመስገን፣ ተመስገን።»

ትንሽ እንደዚያ ቆዩ። ከዚያ ደስታው በረድ ሲል ሐፍረቱ መጣ። ሁለት ሽማግሌና አንድ ዳኛ ፊት፣ ክራቫት አስረው፣ ከረጢት ላይ ተቀምጠው ሊያለቅሱ እንደነበር ታወሳቸው። ሐፍረት ደግሞ እንደ እሳቸው ያለ ሰው ላይ ብዙ አይቀመጥም፤ ወዲያው ቁጣ ይሆናል።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» ብለው ዞሩ።

ደምስ ድንገት ሳል ያዘው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ልነግርዎት ነበር፣ ጋሼ» አለች አትጠገብ። «ሦስት ጊዜ ጀምሬ ነበር።»

ጋሽ ማንያዘዋል መልሱ ልክ መሆኑን ሲያውቁ ይበልጥ ተናደዱ። ደማቸው አንገታቸው ላይ ወጣ፤ ክራቫቱን ፈታ አደረጉት።

«በእንግዳ ፊት አዋርደሽኝ፣ በድንጋጤ ልትገይኝ፣ ደግሞ ሦስት ጊዜ ትይኛለሽ? ተይ! ይሄ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም! እርምጃ እወስዳለሁ! ሰማሽ? ዛሬውኑ እርምጃ እወስድብሻለሁ!»

አትጠገብ ሞተሩን አየች። ከዚያ ሳንቃው ላይ የተቃቀፉትን ሁለቱን ስሞች አየች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነበር።

«ጋሼ፣ እርምጃ መውሰድማ ሞተሩም አላቃተውም፤ ወስዶ ወስዶ የት እንደደረሰ የሚነግረው ነው ያጣው።»

 ዳኛ አያናው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቃቸውን ሊይዙ ሞከሩ፤ አልተያዘም። ባርኔጣቸው ወደቀ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ደምስ ገና ያልተቀባ በር ጀርባ ገብቶ፣ በሩ ብቻውን ሲርገፈገፍ ይታያል።

ጋሽ ማንያዘዋል አፋቸውን ከፍተው ቆሙ። «መልስ አትስጪኝ» ለማለት የከፈቱት አፍ ነው፤ ቃሉ ግን አልወጣም። ሞተሩን አዩ። ሳንቃውን አዩ። ያለ ቦታው ሽቅብ የተጠጋውን የአባታቸውን ስም በጣታቸው ዳሰሱት። ሳቁ ሁሉ እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ቆዩ። 

በመጨረሻ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ማሽኑ እያዩ፣ በዝግታ፣

«እሺ» አሉ። «እኔስ? የት ደርሻለሁ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ያ ቤት ሰምቶ አያውቅም። አትጠገብ ጥቂት አሰበች።

«ጉጡ ላይ ነዎት፣ ጋሼ» አለች። «ቀስ ካሉ ያልፉታል።»

ከሰዓት በኋላ ገመዶቹ ተመልሰው ተሰኩ፤ እሑድም አሥራ አራቱ መሥራቾች እያንዳንዳቸው በየመስመራቸው ሆነው ግድግዳው ላይ ወጡ።